በጥዱ ውስጥ የቀረው ሽቦ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ የግቢውን ጥድ የሚከረክምበት ሞተር ገዝቶ መጣ። ጎረቤቴ ከባንክ ሥራ ጡረታ የወጣ፣ እጁ ሥራ ሲፈታ የሚጨንቀው ደግ ሰው ነው። ሞተሩ ሲነሳ እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ድምፁን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ያስላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታነቃል፣ ከዚያ ቤቱ እንደተነካበት ተርብ ይጮኻል። በመስኮት አየሁት። ነጠላ ጫማ ተጫምቷል፣ መነጽር የለውም፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል። የፎጣው ጫፍ ከስለቱ አንድ ስንዝር ላይ ይወዛወዛል።

«አጥፋው!»

የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ውሻዬ ደንግጦ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ ነው። ጎረቤቴ ሞተሩን አጥፍቶ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«ምነው ወይዘሮ አስናቀች? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ገና ነው» አልኩት።

ሳቀ። ፎጣውንም ፈትቶ ጣለ። እኔ ግን ሽንኩርቴን ትቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በወጣትነቴ የሚያውቁኝ ሰዎች ያን ጩኸት ቢሰሙ የእኔ ነው ብለው አያምኑም። ያን ጊዜ ሻይ ቤት ገብቼ ስኳር ጨምሩልኝ ማለት የማልችል ሴት ነበርኩ። አንድ ቀን ድምፄ ከጉሮሮዬ ባለማለፉ የሰው ጣት ሄደ። ሌላ ቀን ደግሞ ሆን ብዬ ዝም አልኩ። የመጀመሪያውን ዝምታዬን ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ። ሁለተኛውን ዛሬ ነው የምጽፈው።

ጂንካ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ከአርባ ምንጭ ጨውና የቢራ ሣጥን በጫነ መኪና ላይ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ሄድኩ። ከኮንሶ ወርደን ወይጦ ስንደርስ ወንዙ ሞልቶ ነበርና እስኪጎድል አንድ ቀን ተኩል ጠበቅን። ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ነው። በፍየል ወተት የተፈላ ሻይ ጠጣሁ፣ ከአንዲት የፀማይ ሴት የገዛሁትን የተጠበሰ በቆሎ ፈልፍዬ ከሾፌሩ ጋር ተካፈልኩ። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ፤ አፈሩ ቀላ፣ ሙዙና እንሰቱ መጣ፣ ጭጋጉም መጣ። ጂንካ መሐሏ ላይ አውሮፕላን የሚያርፍበት የሣር ሜዳ የዘረጋች ከተማ ናት። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አውሮፕላን ሲመጣ ሳይረን ይጮኻል፤ ያኔ ሁሉም ላሙንም ልጁንም ይዞ ይሮጣል።

መሥሪያ ቤታችን ከሜዳው ጥግ ያለ የችግኝ ጣቢያ ነበር። ግቢውን ዙሪያውን የከበበው የፈረንጅ ጥድ ነው። ጥዱ ገና ችግኝ ሳለ የሜዳው ከብት እንዳይበላው በእሾሃማ ሽቦ ታጥሮ ነበር አሉ። ሽቦውን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም። ጥዱ አደገ፣ ወፈረ፣ ሽቦውንም ዋጠው። ከውጭ ሲያዩት ለስላሳ አረንጓዴ ግድግዳ ነው፤ እጅ ሲሰዱበት ግን ዝገት የበላው እሾህ ይነካል።

ይህን አጥር በትልቅ መቀስ እየከረከመ የኖረው ጋሽ አልማው ነው። የአገሬው የአሪ ሰው ነው። አልማው የሚለውን ስም የሰጠው የቀጠረው ጸሐፊ እንደሆነ ነግሮኛል፤ የእናቱ ቤት ስሙ ሌላ ነው። አማርኛው አንቱም አንቺም አያውቅም፤ ኃላፊውንም እኔንም አንተ ነው የሚለን። በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ብቻዬን ተቀምጬ ሲያየኝ አንድ የተቀቀለ ጎደሬ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ አመጣልኝና «ብላ ልጄ፣ ከስተሃል» አለኝ። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ያመጣልኝ ነበር፤ ጂንካ ውስጥ መጀመሪያ የወደድኩት ሰው እሱ ነው።

መጀመሪያ የጠላሁት ደግሞ ኃላፊያችን ጓድ ተካልኝ ነው። ያን ጊዜ «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን «እሱ» ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ይህችን ያህል በቀል ይፈቀድልኝ።

ባለሞተሩን መከርከሚያ ለጣቢያው ትቶልን የሄደው አንድ የውጭ ባለሙያ ነው። ከነሣጥኑ ንብረት ክፍል ተቀምጦ ከርሞ ነበር። የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ግቢው እንዲያምር ተባለና ጓድ ተካልኝ ትዝ አለው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ፈልጎ መመሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። ሰኞ ነበር። ረቡዕ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ።

«አለቀ?»

«ስድስተኛው ገጽ ላይ ነኝ፣ ጓድ ተካልኝ። ስለ ጥንቃቄው የሚናገረው ገና...»

«አንቺ ገጽ ስትቆጥሪ ጥዱ ደመና ይነካል። ነይ ውጪ!»

ወጣሁ። መመሪያውን ይዣለሁ። ሞተሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል አልነሳም አለ፤ ሠራተኞቹ ተራ በተራ ገመዱን እየሳቡ ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻ ሲነሳ ሁሉም አጨበጨበ። ጓድ ተካልኝ ለጋሽ አልማው ሰጠው። ጓንት አልነበረም። ጋሽ አልማው እንግዳ በሬ እንደተሰጠው ገበሬ ክንዱን ዘርግቶ፣ ፊቱን አዙሮ ጀመረ። ጥሩ ሄደለት። ጥቂት ክንድ ያህል ከከረከመ በኋላ ግን ብረት ብረትን ሲነክስ ሰማን። ስለቱ ሽቦ ላይ ተጠምዶ ቆመ። ሞተሩ ብቻ ይጮኻል።

ጋሽ አልማው ማጥፊያውን በዓይኑ ሲፈልግ ጓድ ተካልኝ ጮኸ። «እንዳታጠፋው! ካጠፋኸው አይነሳም! በእጅህ ንቀለው!»

ስድስተኛው ገጽ ላይ በደማቁ የተጻፈው ይህ ነበር። ስለቱ ከተጠመደ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን የካንዴላ ገመድ ንቀል፣ ከዚያ ብቻ ንካ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተጠመደ ስለት የቆመ ይመስላል እንጂ አልቆመም። የያዘው ነገር የለቀቀው ዕለት ይዘላል። ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜ «መጀመሪያ ይጥፋ» አልኩ። ማለቴን እርግጠኛ ነኝ። ግን ድምፄ ሞተሩን አላለፈም። እኔም ራሴ በደንብ አልሰማሁት።

ሽቦው ተበጠሰ። ጋሽ አልማው አልጮኸም። ግራ እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሙዝ ቅጠል ቀደደና ጠቀለለው። የሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ ጫፍ የለም።

ዓርብ ከሰዓት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባችን ቀን ነው። በረጅሙ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ጋሽ አልማው ጤና ጣቢያ ነው። ጓድ ተካልኝ ተነሳና ኮቱን አስተካከለ።

«ጓዶች፣ አደጋው ሁለት መነሻ አለው። አንደኛው የአልማው ስካር ነው። በሥራ ሰዓት ጠጥቶ ነበር። ሁለተኛው የጓዲት አስናቀች ምሁራዊ ዳተኝነት ነው። መመሪያውን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች፤ አንዲት ቃል አላሰማችንም። ዋሸሁ፣ ጓዲት?»

አላሰማኋቸውም፤ እውነት ነው። ተንኮሉ እዚያ ላይ ነበር። ውሸቱን ከእውነቱ ጋር አንድ ገመድ አድርጎ ገምዶታል፤ አንዱን ስስብ ሌላውም ይመጣል።

«አልዋሹም» አልኩ።

«ግልጽነትሽን እናደንቃለን። አልማው በስካር ምክንያት ከሥራ ይሰናበት የምትሉ?»

እጆች ወጡ። ጋሽ አልማው ወንጌል ያመነ ሰው መሆኑን እዚያ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ እንኳን አረቄ የገብስ ቦርዴም በአፉ አይዞርም። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። እስከ አሁን ድረስ ሌሊት የምትጠዘጥዘኝ ያች የራሴ ቀኝ እጅ ናት።

ከዚያ በኋላ ጋሽ አልማውን ያገኘሁት ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ከአሪ መንደር ያመጣውን ኮረሪማ በጨርቅ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ እስከ አልዱባ ገበያ ድረስ ተሸክሞ እንደሚሄድ ነገረኝ። እጁ በነጭ ፋሻ ታስሯል። የኮረሪማው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እንባዬ መጣ።

«ለምን ታለቅሳለህ?» አለኝ። «ጣት ነው። ስምንት አለኝ።»

«ሥራዎትስ ጋሽ አልማው?»

«ሥራ ቢመጣ ጥሩ። ባይመጣ ኮረሪማ አለ። ያ የስንብት ወረቀት ግን...» የተበተነውን ኮረሪማ ሰበሰበ። «ሰካራም ይላል። የኛ ሰዎች አነበቡት።»

ያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ነበርና በየቤቱ እየተደበቁ ነበር የሚጸልዩት። በዚያ ጥርጣሬ ውስጥ ማኅተም ያለበት ወረቀት «ጠጥቶ ተገኝቷል» ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ጠርተው ጠየቁት። አልጠጣሁም አለ። አመኑት፤ ግን ነገሩ እስኪጣራ ከፊት ቆሞ እንዳይጸልይ፣ መዝሙርም እንዳይመራ አደረጉት።

«እሱ የጻፈውን እሱ ያጥፋው» አለኝ። «ሌላ ሰው ቢጽፍ አያምኑም። የእሱ እጅ መሆን አለበት። ሌላ ምንም አልፈልግም ልጄ።»

ሰኞ ዕለት በታይፕ ደብዳቤ መታሁ። «ጠጥቶ አለመገኘቱ ስለተረጋገጠ ወደ ሥራው እንዲመለስ» የሚል ነው። ለጓድ ተካልኝ ሳቀርብለት አነበበው፣ ፈገግ አለ፣ የሻይ ብርጭቆውን ላዩ ላይ አስቀመጠ። ብርጭቆውን ሲያነሳ ወረቀቱ ላይ ክብ ቀለበት ቀርቷል። በሳምንቱ እንደገና መታሁ። እንደገና ብርጭቆ። በሦስተኛው ጊዜ ገና ሳላስቀምጠው ብርጭቆውን አንስቶ ይጠብቀኝ ጀመር። ቀልድ ሆኖለት ነበር።

የምኖረው እትዬ ዘውዴ ቤት ነው። አያታቸው ከሰሜን መጥተው ጂንካ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ጨርቅና ጨው ይነግዳሉ። ማታ ራት ስበላ ፊቴን ያነቡኛል።

«አሁንም ያው ሰውዬ ነው?»

«ምንም አላልኩትም እኮ እትዬ።»

«እሱ ነው ችግሩ! እኔ ብሆን ያን ብርጭቆ በግንባሩ ላይ ነበር።» እንጀራ ጨመሩልኝ። «ደግሞ እኮ አያስታውስሽም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ተናጋሪ ሰው ተሳድቦ ይወጣለታል። ዓይናፋር ሰው ግን ቂሙን እንደ ባቄላ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ ጎንቆል ያወጣል። በእነዚያ ሳምንታት ከጓድ ተካልኝ ጋር የማልጣላበት ሰዓት አልነበረም። መንገድ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ ችግኝ ስቆጥር። በሐሳቤ የማደርገው ንግግር እንዴት ያምር ነበር! ፊቱ ስቆም ግን «እሺ ጓድ ተካልኝ» ብቻ ነው የሚወጣኝ።

ኅዳር ላይ ከአርባ ምንጭ ተቆጣጣሪ ቡድን ሊመጣ ነው ተባለ። ስለ አደጋው ሰምተዋል፤ መከርከሚያው በጥንቃቄ መያዙን ማየት ይፈልጋሉ። ጓድ ተካልኝ ጠራኝ።

«መመሪያውን ጨርሺው። ሠራተኛውን አሠልጥኚ። በዕለቱ እኔ ራሴ ከርክሜ አሳያቸዋለሁ። ሴትዮዋ ትተረጉማለች፣ ኃላፊው ይሠራል፤ ገባሽ? አጥሩንም ፈትሺው፤ ሽቦ ያለበት ይታወቅ።»

«እሺ ጓድ ተካልኝ።»

ያን መመሪያ ያህል በፍቅር የተረጎምኩት ጽሑፍ የለም። ሃያ አምስት እጅ ቤንዚን ከአንድ እጅ ዘይት ጋር እንዲቀላቀል ጻፍኩ። ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ሲበርድ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ መሆኑን፣ የሚነሳውም ነዳጁ ከተሞላበት ቦታ ጥቂት እርምጃ ተሂዶ መሆኑን ጻፍኩ። መነጽር፣ ጓንት፣ የተዘጋ ጫማ፤ የተንጠለጠለ ልብስ የለም። ሁለት እጅ ሁልጊዜ መያዣው ላይ። ሌላ ሰው ከአሥር እርምጃ አይቅረብ። ለሠራተኞቹ ሳስረዳ ድምፄ የሚሰማው ፊት ለተቀመጡት ብቻ ስለነበር እየተጠጉ እየተጠጉ ከብበውኝ ያደምጡ ነበር። ሁሉም እጁን እያየ ነበር የሚያደምጠው።

አጥሩን ለመፈተሽ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እትዬ ዘውዴ የሰጡኝን የአቡጀዲ ቁራጭ ይዤ፣ ጥዱን በዱላ እየገለጥኩ፣ ሽቦ ባገኘሁበት ሁሉ ነጭ ጨርቅ አሰርኩ። አጥሩ በርካታ ነጭ ወፎች ያረፉበት መሰለ። ከዋናው በር አጠገብ፣ እንግዶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ሽቦው ከሁሉም ወፍሮ ሁለት ድርብ ሆኖ አልፏል። እዚያም አሰርኩ።

ቡድኑ በሚመጣበት ጠዋት ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ጤዛው ቀሚሴን አረጠበው። በሩ አጠገብ ሄድኩና ያን ጨርቅ ፈታሁት። ለምን እንደምፈታው ለራሴ ምንም ምክንያት አልሰጠሁትም። ጨርቁን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁ። ከዚያ የእጅ መታጠቢያው ጋ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ።

ጋሽ አልማውን እኔው ነበርኩ የጠራሁት። ቅዳሜ ገበያ ላይ «ሰኞ ይምጡ፣ የሚያዩት ነገር አለ» ብዬው ነበር። እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው። ኮረሪማውን በጆንያ ተሸክሞ መጥቶ ከሠራተኞቹ ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆመ።

ሳይረኑ ጮኸ፣ ከብቱ ተባረረ፣ አውሮፕላኑ አረፈ። የቡድኑ መሪ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሻይ ከተጠጣ በኋላ ወጥተው በሩ ጋ ቆሙ። ጓድ ተካልኝ አዲስ ካኪ ኮትና ሱሪ ለብሷል። መነጽሩን ሳቀርብለት «ፎቶ አለ» ብሎ ገፋው። ጓንቱንም ገፋው። በመመሪያው መሠረት አንድ ጊዜ ተናገርኩ፤ ሁለተኛ ጊዜ አልተናገርኩም።

ሞተሩ ተነሳ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ይከረክም ነበር። የጥዱ ሽታ ግቢውን ሞላው። ነጭ ጨርቅ ባለበት ሁሉ እየዘለለ በሩ ጋ ደረሰ። ጨርቅ የለም። ገባበት።

ብረቱ ጮኸና ስለቱ ቆመ።

እንግዶቹ ያያሉ። እኔ መመሪያውን ይዤ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ፤ እንዳለፈው። ጓድ ተካልኝ ነቀነቀው፤ አልወጣም። ፊቱ ቀላ። ማጥፊያውን አየው። አላጠፋውም፤ እንዳይነሳበት ፈርቷል፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ገመድ ሲስብ መታየት አልፈለገም። በቀኝ እጁ መያዣውን እንደያዘ ግራ እጁን ወደ ስለቱ ሰደደ።

አፌን ዘጋሁ። ከፍርሃት የተነሳ አይደለም። ያን ዕለት ድምፅ ነበረኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ ምላሴ ላይ ይቀመሳል። አልሰጠሁትም። ጣቶቹ ወደ ስለቱ ጥርሶች ሲቀርቡ አየሁና በልቤ «ትንሽ ወደ ውስጥ» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የጣፈጠኝ ነገር ብዙ አይደለም። ይህን ስጽፍ ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ።

«እጅህን! አጥፋው! መጀመሪያ አጥፋው!»

ጋሽ አልማው ነበር። ጓድ ተካልኝ ደንግጦ እጁን መለሰ፤ በዚያው ቅጽበት ሽቦው ተበጠሰ። ስለቱ ዘሎ የኮቱን እጅጌ እስከ ክንዱ ጫፍ ድረስ ቀደደው። አንድ ቁልፍ በርራ የቡድኑ መሪ እግር ሥር ወደቀች። አንዱ ሠራተኛ ሮጦ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታው ጆሮ ያማል።

«ማነው የጮኸው?» አሉ መሪው።

ጋሽ አልማው ጆንያውን አስቀምጦ ወደ ፊት መጣ።

«እንዴት አወቅህ?»

ግራ እጁን ወደ ላይ አነሳ። «እኔ ሳላጠፋ ነካሁ።»

«ማን ሳታጠፋ ንካ አለህ?»

ጋሽ አልማው በአገጩ አመለከተ። «እሱ።»

«ይህ ሰው ጠጥቶ ነበር የሚል ሪፖርት ነው የደረሰን።» መሪው ወደ እኔ ዞሩ። «መመሪያው ምን ይላል፣ ልጄ?»

ስድስተኛውን ገጽ አነበብኩ። ሞተሩ ጠፍቷልና ድምፄ እስከ በሩ ድረስ ሄደ። ከዚያ ሳልጠየቅ ቀጠልኩ። «ጋሽ አልማው መጠጥ አይጠጣም። እዚህ ያለው ሁሉ ያውቃል። እጃችንን ያወጣነው ፈርተን ነው፤ እኔም አውጥቻለሁ።»

አንደኛው ችግኝ ተካይ ቀስ ብሎ «እውነት ነው» አለ። ከኋላ ሌላ ድምፅ «እውነት ነው» አለ።

«ታዲያ ይህ አይታረምም?» አሉ መሪው።

«ደብዳቤው ተመትቷል» አልኩ። አራተኛው ቅጂ ከፋይሌ ውስጥ ነበር። አንድም የብርጭቆ ቀለበት የለበትም። ጓድ ተካልኝ ፊት ዘረጋሁት፣ እስክሪብቶውንም ከፍቼ ሰጠሁት። የተቀደደው እጅጌው ወረቀቱ ላይ እየተጎተተ ፈረመ። ፊርማው እንደ ሕፃን ጽሕፈት ተንቀጥቅጧል። ዓይኔን ከዓይኑ ላይ አላነሳሁም፤ መጀመሪያ ያቀረቀረው እሱ ነው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጋሽ አልማው ደብዳቤውን አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከትቶ፣ በሩ አጠገብ የተበጠሰውን ሽቦ ሲያይ አገኘሁት።

«ሁሉም ቦታ ጨርቅ አለ» አለ። «እዚህ ጋ የለም።»

ቦርሳዬን ወደ ጎኔ ሳብኩ።

«እኔ ይህን አጥር አውቀዋለሁ። እዚህ ጋ ወፍራሙ ነው። አንተ ደግሞ ነገር አትረሳም።»

«ታዲያ ለምን ጮኹለት?» አልኩ። ንዴቴ በእሱ ላይ ነበር፤ በእውነት በእሱ ላይ። «ያንን ሁሉ አድርጎብዎት!»

የተናገርኩት ያልገባው መስሎ ትክ ብሎ አየኝ።

«እጁ ከተቆረጠ በምን ይፈርምልኛል?»

ከዚያ ጆንያውን አንስቶ ሄደ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አይተው መዝሙር እንዲመራ ፈቀዱለት። ሰኞ ሰኞ መቀሱን እየሳለ ሲያንጎራጉር እሰማው ነበር። ስለ ጨርቁ ዳግመኛ አላነሳብኝም። ለማንም እንዳልተናገረ አውቃለሁ። ጎደሬ ማምጣቱን ግን አቆመ። ሰላምታው እንደ ድሮው ሞቅ ያለ ነው፤ ጎደሬው ብቻ ቀረ። ምናልባት ወቅቱ አልፎ ይሆናል።

ጓድ ተካልኝ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በእድገት ነው አሉ።

ዓመታት አለፉ፤ ለንስሐ አባቴም ተናዝዤዋለሁ። «ተጸጽተሻል?» ሲሉኝ «አዎን» አልኩ፤ ምክንያቱም የሚባለው እሱ ነው። ጋሽ አልማው በዚያች ቅጽበት የሚያስፈልገውን ነገር በትክክል ያውቅ ነበር፤ አንድ ፊርማ። እኔ የምፈልገው ለእሱ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ከርሜ፣ ለካ የምፈልገው ሌላ ነበር። ያንን ደግሞ አላገኘሁም። ሰው በቀሉን ሲያጣ እንደሚቀለው ይነገራል፤ እኔን አልቀለለኝም። ፍትሕ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን አልጠገብኩም።

አምና እዚሁ ሐዋሳ አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ጓዲት አስናቀች አይደለሽም? የጂንካዋ?» አለኝ። ጓድ ተካልኝ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠ፤ ናፍቆት ያለው ሰው ይመስላል። ስለ ጂንካ ጭጋግ፣ ስለ ሙዙ ጣፋጭነት አወራ። ከዚያ ሳቅ ብሎ «ያን ቀን ያ ሰውዬ ባይጮህ ኖሮ እኮ... ስሙ ማን ነበር?» አለኝ።

«አልማው» አልኩት።

«እሱ! እሱ!» አለና እጄን በሁለት እጆቹ ያዘው። ሞቃት፣ ለስላሳ፣ የአዛውንት እጆች ናቸው። እሱ ሲያወራ እኔ ወደ ታች እያየሁ፣ አንድ በአንድ፣ ጣቶቹን ቆጠርኳቸው። አሥር ናቸው።

በዙብኝ።